መነሻው የት ነው? የስታይልሺት አንጻራዊ አድራሻዎችና የቆዩ ብራውዘሮች

በአንድ ስታይልሺት ውስጥ «ዩአርኤል(አርማ.ጂፍ)» ተብሎ ተጽፏል። ብራውዘሩ ሥዕሉን ከየት ያምጣ? ስታይልሺቱ ካለበት ፎልደር ወይስ ስታይልሺቱን ከጠራው ገጽ ፎልደር? በደንብ ደረጃ መልሱ እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ አልተለወጠም፦ ስታይልሺቱ ካለበት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በተግባር ግን ኔትስኬፕ 4 ተቃራኒውን መልስ ሰጠ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ደግሞ ለአንዱ መስመር አንድ፣ ለቀጣዩ መስመር ሌላ መልስ እየሰጠ ሃያ ዓመት ገደማ ዘለቀ።

ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ የአሮጌ ብራውዘሮች ስሕተት ተደርጎ ይነገራል። ታሪኩ ሲዘረጋ ግን ከስሕተት በላይ ነው። ከሥሩ ሁለት አሳማኝ አስተሳሰቦች ይፎካከራሉ። አንዱ አድራሻ የሚቆጠረው ከተጻፈበት ቦታ ነው ይላል፤ ሌላው ከሚሠራበት ቦታ ነው ይላል። አዲስ ቴክኖሎጂ በመጣ ቁጥር ይኸው ክርክር እንደገና ይነሳል፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉ ደንቦችም ሳይቀሩ በአንዳንድ ቦታ ለሁለተኛው ወገን ፈርደዋል።

ከስታይልሺት በፊት የነበረው ደንብ

አንጻራዊ አድራሻ ብቻውን የትም አያደርስም። «../ምስሎች/አርማ.ጂፍ» ማለት «አንድ ፎልደር ወደ ላይ ውጣ፣ ከዚያ ምስሎች ወደሚባለው ግባ» ማለት ነው፤ መነሻው ካልታወቀ መድረሻው አይታወቅም። ይህን መነሻ ለመወሰን ራሱን ችሎ የተጻፈው ሰነድ በጁን 1995 ሮይ ፊልዲንግ ያዘጋጀው አርኤፍሲ 1808 ነው። ሰነዱ አራት ደረጃ አስቀመጠ። በመጀመሪያ በሰነዱ ውስጥ በግልጽ የተጻፈ መነሻ ካለ እሱ ይያዛል፤ በኤችቲኤምኤል ይህ የቤዝ ታግ ሥራ ነው። ከሌለ ሰነዱን ጠቅልሎ የያዘው ሌላ ሰነድ መነሻ ይሆናል። እሱም ከሌለ ሰነዱ የመጣበት አድራሻ ይወሰዳል። የመጨረሻው አማራጭ ለፕሮግራሙ የተተወ ነው።

መነሻው ቢታወቅም ስሌቱ ራሱ ገና አልረጋም ነበር። ሁለት ነጥቦቹ ከፎልደሮቹ ቁጥር ቢበዙስ? አንድ ገጽ የሳይቱ ሥር ላይ ሆኖ «../» ቢል ከዚያ በላይ የሚወጣበት የለም። በኦገስት 1998 የወጣው አርኤፍሲ 2396 ትርፎቹን ነጥቦች ማስቀረትንም መጣልንም ለፕሮግራም ሠሪዎች ፈቀደ። ይጣሉ ብሎ የቆረጠው በጃንዋሪ 2005 የወጣው አርኤፍሲ 3986 ነው። በጥያቄ ምልክት ብቻ የሚጀምር አድራሻም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል፦ አርኤፍሲ 1808 የገጹን ስም ይዞ እንዲቀር አደረገ፣ አርኤፍሲ 2396 የገጹን ስም ጣለ፣ አርኤፍሲ 3986 ደግሞ ወደ መጀመሪያው መለሰው። በእነዚያ ዓመታት የተሠራ ብራውዘር የቱን ሰነድ እንደተከተለ ሳይታወቅ «ስሕተት ሠራ» ማለት ያስቸግራል።

የ1996 ውሳኔ

ሆኮን ዊየም ሊ የስታይልሺትን ሐሳብ ያቀረበው በኦክቶበር 1994 ነበር። ከበርት ቦስ ጋር ያዘጋጁት የመጀመሪያው የሲኤስኤስ ደንብ በዲሴምበር 17 ቀን 1996 ጸደቀ። ደንቡ በጥያቄው ላይ አላመነታም፦ ያልተሟላ አድራሻ የሚፈታው ከስታይልሺቱ ምንጭ ተነስቶ ነው፤ ከሰነዱ አይደለም።

ምክንያቱ ከስታይልሺት ዓላማ ይመነጫል። አንድ ስታይልሺት መቶ ገጾችን እንዲያለብስ ነው የተፈለገው፤ ገጾቹ ደግሞ በተለያየ ጥልቀት ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ «/ገጽ» ላይ፣ ሌላው «/ዜና/ገጽ» ላይ፣ ሦስተኛው «/ዜና/ስፖርት/ገጽ» ላይ ነው። አድራሻው ከገጹ ቢቆጠር አንዱ መስመር በሦስቱ ገጾች ሦስት ልዩ ልዩ ሥዕሎችን ይጠራል። ከስታይልሺቱ ሲቆጠር ግን የትኛውም ገጽ ቢጠራው መድረሻው አንድ ነው። ስታይልሺቱንና ሥዕሎቹን በአንድ ፎልደር ይዞ ወደ ሌላ ሳይት ማዛወርም ይቻላል።

ደንቡ ግን ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማየት ይጠይቃል። ራሱን በቻለ ፋይል የተቀመጠ ስታይልሺት መነሻው የራሱ አድራሻ ነው። በኤችቲኤምኤል ገጽ ውስጥ በስታይል ታግ የተጻፈ ስታይልሺት ግን የራሱ አድራሻ ስለሌለው ከገጹ ይቆጥራል፤ ቤዝ ታግ ካለም ለእሱ ይገዛል። በአንድ ታግ ላይ በቀጥታ የተጻፈ ስታይልም እንዲሁ ነው። በኢምፖርት ትእዛዝ የተጠራ ስታይልሺት ደግሞ የጠራው ስታይልሺት ጥገኛ አይሆንም፤ የራሱን መነሻ ይይዛል። ስለዚህ አንድ መስመር ከውጭ ፋይል ተቆርጦ ወደ ገጹ ሲለጠፍ አንድ ፊደል ሳይለወጥ ትርጉሙ ይለወጣል። ኋላ የመጡት ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህች ባሕርይ የተወለዱ ናቸው።

ኔትስኬፕ 4፦ ከገጹ የሚቆጥረው

ኔትስኬፕ 4 በጁን 1997 ወጣ፤ ደንቡ ከጸደቀ ስድስት ወር ገደማ ሆኖታል። ብራውዘሩ በውጭ ስታይልሺት ውስጥ ያለን አንጻራዊ አድራሻ የሚቆጥረው ከኤችቲኤምኤል ገጹ ነበር። ስሕተቱ ጩኸት የለውም፤ ሥዕሉ ይጠፋል፣ ገጹ ግን ይከፈታል። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ አይታይም፤ ገጹና ስታይልሺቱ በአንድ ፎልደር ካሉ ሁለቱም ስሌቶች አንድ ቦታ ያደርሳሉ። ችግሩ ብቅ የሚለው ሳይቱ አድጎ ገጾቹ ወደ ውስጥ ፎልደሮች ሲገቡ ነው።

መንስኤውን ለማስረዳት አንድ እውነታ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ኔትስኬፕ በ1996 የራሱን አማራጭ፣ በጃቫስክሪፕት የሚጻፉ ስታይልሺቶችን፣ አቅርቦ ነበር፤ ሲኤስኤስንም ያስተናገደው በዚሁ ሞተር ላይ ገንብቶ ነው። ለዚህም በኔትስኬፕ 4 ጃቫስክሪፕት ሲዘጋ ስታይልሺቱም አብሮ ይሞት ነበር። በገጽ ውስጥ የሚሮጥ ስክሪፕት አድራሻ የሚቆጥረው ከገጹ በመሆኑ ግንኙነቱ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ይሁንና ማብራሪያ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

ዴቨሎፐሮቹ በሁለት መንገድ ሄዱ። የመጀመሪያዎቹ ኔትስኬፕ 4 የኢምፖርትን ትእዛዝ አለማወቁን መሣሪያ አደረጉት፤ ቀለምና የፊደል መጠን ብቻ የያዘ ቀላል ስታይልሺት በሊንክ ታግ ሰጡት፣ ሥዕል ያለበትን ዋናውን ስታይልሺት ደግሞ በኢምፖርት ደበቁበት። ሁለተኞቹ ሁለቱም ስሌቶች የሚስማሙበትን አጻጻፍ ፈለጉ። ከዚህ ወገን ብልሃት የሚታይበት የእኩል ጥልቀት ዘዴ ነው። ገጾቹ «/ዜና/» ውስጥ፣ ስታይልሺቱ «/ስታይል/» ውስጥ፣ ሥዕሎቹ «/ምስሎች/» ውስጥ ቢቀመጡ «../ምስሎች/አርማ.ጂፍ» ከገጹም ከስታይልሺቱም ቢቆጠር አንድ ቦታ ይደርሳል። የፊት ገጹ ሥር ላይ ቢሆንም ትርፍ ነጥቦችን በሚጥል ብራውዘር ይሠራል፤ አርኤፍሲ 2396 በፈቀደው በሌላው አተረጓጎም ግን ይሰበራል። ሁለት ፎልደር ወደ ውስጥ የገባ ገጽ ደግሞ በኔትስኬፕ 4 በዚህ ዘዴ አይሠራም።

በኖቬምበር 2000 የወጣው ኔትስኬፕ 6 ጌኮ በተባለው አዲስ ሞተር ላይ ቆሞ ደንቡን አከበረ። የ4ኛው ዕትም ተጠቃሚዎች ግን ለዓመታት ስላልጠፉ ብልሃቶቹም አብረው ቆዩ።

ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር፦ በአንድ ፋይል ሁለት ሕግ

የማይክሮሶፍት ብራውዘር ችግር ከዚህ ይለያል። የጀርባ ሥዕልን በተመለከተ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ደንቡን ይከተላል፤ ከስታይልሺቱ ይቆጥራል። በዚያው ስታይልሺት፣ በሚቀጥለው መስመር፣ ማይክሮሶፍት ራሱ የጨመራቸው ንብረቶች ሲመጡ ግን ቆጠራው ወደ ገጹ ይዞራል።

በጣም የታወቀው ምሳሌ የፒኤንጂ ሥዕሎች ጉዳይ ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 በከፊል የሚያሳልፉ ፒኤንጂ ሥዕሎችን በትክክል ማሳየት አይችልም ነበር፤ ችግሩ የተፈታው በኦክቶበር 2006 በወጣው 7ኛው ዕትም ነው። እስከዚያ የነበረው መውጫ ከ5.5 ጀምሮ የተገኘው አልፋኢሜጅሎደር የተባለ ፊልተር ሲሆን፣ ለፊልተሩ የሚሰጠው የሥዕል አድራሻ የሚቆጠረው ከገጹ ነበር። ስለዚህ ዴቨሎፐሩ ለአንዱ ሥዕል ሁለት አድራሻ ይጽፋል፦ ለሌሎቹ ብራውዘሮች ከስታይልሺቱ የሚነሳ፣ ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ከገጹ የሚነሳ።

በ1999 በ5ኛው ዕትም የመጣው የቢሄቪየር ንብረትም እንዲሁ ነው። በስታይልሺት ውስጥ ተጽፎ ኤችቲሲ የሚባል የስክሪፕት ፋይል ይጠራል፤ የፋይሉ አድራሻ ግን ከገጹ ይቆጠራል። ለቆዩ ብራውዘሮች ክብ ማዕዘንና ጥላ ይሰጥ የነበረው ሲኤስኤስ3 ፓይ በዚህ ዘዴ የሚሠራ በመሆኑ መመሪያው ላይ ይህንኑ በግልጽ ማስጠንቀቅ ነበረበት። የፒኤንጂውን ችግር በኤችቲሲ የሚያስተካክሉ ስክሪፕቶችም ሁለት የአድራሻ ወጥመድ ነበረባቸው፤ የኤችቲሲው ፋይል አድራሻና ስክሪፕቱ የሚጠቀምበት ባዶ የጂፍ ሥዕል አድራሻ።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁለቱ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የከርሰር ንብረት የማይክሮሶፍት ፈጠራ ሆኖ አልቀረም፣ በ1998 የጸደቀው ሲኤስኤስ2 ውስጥ ያለ ነው። ሆኖም ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የከርሰር ሥዕልን አድራሻ ከገጹ ይቆጥር ነበር። በፊልተርና በቢሄቪየር ላይ «የራሱ ንብረት ነው፣ የራሱን ሕግ ሊያወጣ ይችላል» ማለት ይቻል ይሆናል። በከርሰር ላይ ግን ይህ መከላከያ አይሠራም።

የድር ፊደሎች ጉዳይ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ሊለይ ይገባል። ከ9ኛው ዕትም በፊት ብራውዘሩ በፎንት መግለጫ ውስጥ በርካታ አድራሻዎች ሲደረደሩ ከመጀመሪያው መክፈቻ ቅንፍ እስከ መጨረሻው መዝጊያ ቅንፍ ያለውን ሁሉ እንደ አንድ አድራሻ ያነብበዋል። እዚህ ላይ መነሻው አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው የአድራሻው ወሰን ነው። ከ2011 ጀምሮ የተስፋፋው መላ ከመጀመሪያው አድራሻ ኋላ የጥያቄ ምልክት መጨመር ነበር፤ የቀረው ዝብርቅርቅ እንደ ጥያቄ ክፍል ተቆጥሮ ሰርቨሩ ችላ ይለዋል።

የፊደል ጉዳይ

የፋይሉ ስም በግዕዝ ፊደል ሲሆን ጥያቄው አንድ እርከን ይጨምራል። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ በአድራሻ ውስጥ በመቶኛ ምልክት ሲጻፍ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፤ «አርማ» የሚለው ስም ወደ ሃያ ሰባት ምልክት ይረዝማል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ግን ብራውዘሩ ፊደሎቹን በትክክል ካነበበ ነው። ስታይልሺቱ በምን ኢንኮዲንግ እንደተጻፈ ሰርቨሩም ፋይሉም ካልተናገሩ፣ የሲኤስኤስ 2.1 ደንብ ብራውዘሩ ስታይልሺቱን የጠራውን ገጽ ኢንኮዲንግ እንዲወስድ ያዛል። ስለዚህ አንድ ስታይልሺት ሁለት የተለያየ ኢንኮዲንግ ባላቸው ገጾች ቢጠራ በግዕዝ የተሰየመው ሥዕል በአንዱ ገጽ ይገኛል፣ በሌላው ይጠፋል። መነሻው ከተጻፈበት ቦታ ይቆጠር ያለው ደንብ በፊደሉ ንባብ ላይ ለሚሠራበት ቦታ ዕድል ትቶለታል።

አራት የመፍትሔ ወገኖች

የመጀመሪያው ወገን ሙሉ አድራሻ ይጻፍ ይላል። ፕሮቶኮሉም የሳይቱም ስም ካለ የትኛውም ብራውዘር፣ ፊልተርም ቢሆን ቢሄቪየር፣ ሊሳሳት አይችልም። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ የሙከራ ሳይቱ ሥዕሎቹን ከዋናው ሳይት ይጠራል፣ የሳይቱ ስም ሲቀየር ስታይልሺቱ ሁሉ ይታረማል። ኤችቲሲ ደግሞ ከገጹ ሳይት ውጭ ሲመጣ አይሠራም፤ ፋየርፎክስም ከ3.5 ጀምሮ ከሌላ ሳይት የሚመጣ ፎንት ሰርቨሩ ካልፈቀደ አይቀበልም። ፕሮቶኮሉን ትቶ በሁለት ስላሽ መጀመር እንደ አማካይ መንገድ ተወዶ ነበር። ሆኖም ስታይልሺት በዚህ መልክ ሲጠራ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 7 እና 8 ፋይሉን ሁለት ጊዜ ያወርዱታል።

ሁለተኛው ወገን በአንድ ስላሽ የሚጀምር፣ ከሳይቱ ሥር የሚነሳ አድራሻን ይመርጣል። «/ምስሎች/አርማ.ጂፍ» ከገጹም ከስታይልሺቱም ቢቆጠር አንድ ነው። ለቆዩ ብራውዘሮች ከቀረቡት ሁሉ ቀላሉና ብዙ የተመከረው ይህ ነው። የሚወድቀው ሳይቱ ሥር ላይ በማይቀመጥበት ጊዜ ነው፦ በዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ላይ በተጠቃሚ ስም ሥር ያለ ሳይት፣ በንዑስ ፎልደር የተጫነ ፕሮግራም፣ ከሲዲ ወይም ከኮምፒውተሩ ዲስክ በቀጥታ የሚከፈት ገጽ። በመጨረሻው ሁኔታ «ሥር» ማለት የዲስኩ ሥር ይሆናል።

ሦስተኛው ወገን ለደንቡ ታማኝ ነው። አንጻራዊ አድራሻ ብቻ ይጻፍ፣ የተለየ ጠባይ ያለው መስመር ግን ከውጭ ፋይሉ ይውጣ ይላል። ለዚህ የሚያመቸው ከ5 እስከ 9 ባሉት የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ዕትሞች የሚሠራው ሁኔታዊ ኮሜንት ነበር። ፊልተሩና ቢሄቪየሩ በኮሜንቱ ውስጥ በስታይል ታግ ገጹ ላይ ይጻፋሉ፤ እዚያ ደግሞ ገጹና «ስታይልሺቱ» አንድ ቦታ ስለሆኑ የሁለቱ ስሌት ልዩነት ይጠፋል። ዋጋው ድግግሞሽ ነው፤ በየገጹ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይገባል።

አራተኛው ወገን አድራሻን ማስቀረት ይሻላል ባይ ነው። ሥዕሉ ራሱ በዳታ አድራሻ ስታይልሺቱ ውስጥ ከተከተተ የሚፈታ ነገር የለም። ዘዴው በ1998 በአርኤፍሲ 2397 ቢደነገግም ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የተቀበለው በ2009 በ8ኛው ዕትም ነው፤ ያም ቢሆን እስከ 32 ኪሎባይት ብቻ። ለ6ኛውና ለ7ኛው ዕትም በኤምኤችቲኤምኤል በኩል የተገኘው መተኪያ ሙሉ አድራሻ ስለሚጠይቅ ክርክሩን ዞሮ ወደ መጀመሪያው ወገን ይመልሰዋል።

አድራሻ የሚያርሙ ፕሮግራሞች

ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ አድራሻን የሚጽፈው ሰው ብቻ መሆኑ አበቃ። የፍጥነት ጥናቶች ስታይልሺቶች እንዲጣመሩ መከሩ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ከ6 እስከ 9 በአንድ ገጽ ከ31 በላይ ስታይልሺት አለመቀበሉም ማጣመርን ግዴታ አደረገው። በ«/ሀ/» እና በ«/ለ/» የነበሩ ሁለት ስታይልሺቶች «/ጥምር/» ውስጥ ወዳለ አንድ ፋይል ሲገቡ ግን የሁሉም አድራሻዎች መነሻ ይለወጣል። ስለዚህ አጣማሪው ፕሮግራም ማረም አለበት።

እዚህ ላይ ሠሪዎቹ ተለያዩ። በፒኤችፒ የተጻፈው ሚኒፋይ ሲያጣምር አድራሻዎቹን ራሱ ያርማል። ወደ ሲኤስኤስ የሚተረጎመው የስታይልሺት ቋንቋ ሳስ ግን አይነካም፤ በንዑስ ፎልደር ያለ ቁራጭ ፋይል የሚጽፍ ሰው አድራሻውን ከመጨረሻው ውጤት ፋይል አንጻር ማስላት አለበት። አቻው ሌስ በራሱ ፈቃድ አያርምም፣ እንዲያርም የሚያደርግ አማራጭ ግን አለው። የዌብ ማዕቀፉ ጃንጎ ከ1.4 ጀምሮ ባለው የፋይል ማከማቻ ስታይልሺቱን አንብቦ እያንዳንዱን አድራሻ የይዘት አሻራ ባለው አዲስ ስም ይተካል። ሌላው ማዕቀፍ ሬይልስ ከ3.1 ጀምሮ ሥራውን ለልዩ ረዳት ፈንክሽን ሰጠ። የማያርሙት ወገኖች መከራከሪያ የተጻፈው ሳይነካ መውጣቱ ያስተማምናል የሚል ነው። የሚያርሙት ደግሞ ቁራጩ ፋይል በተጻፈበት ቦታ ትርጉም ሊኖረው ይገባል ይላሉ፤ የ1996ን ምክንያት ወደ ምንጭ ፋይሎች መውሰዳቸው ነው።

ተመሳሳይ እርማት በብራውዘሩ ውስጥም ተካሄደ። በ2011 ስኮት ጄል የሠራው ሪስፖንድ.ጄኤስ ሚዲያ ኩዌሪ ለማያውቁት የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ዕትሞች ከ6 እስከ 8 የታሰበ ነበር። ስክሪፕቱ ስታይልሺቱን እንደ ተራ ጽሑፍ ያስመጣል፣ ተስማሚውን ክፍል መርጦ በስታይል ታግ ገጹ ላይ ይለጥፋል። በመለጠፉ መነሻው ከስታይልሺቱ ወደ ገጹ ስለሚዞር ስክሪፕቱ የስታይልሺቱን ፎልደር ወስዶ በስላሽ በማይጀምርና ፕሮቶኮል በሌለው አድራሻ ሁሉ ፊት ይቀጥለዋል። የሊያ ቬሩ ፕሪፊክስፍሪና የሲኤስኤስ ተለዋዋጮችን ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የሚያስመስለው ሲኤስኤስ-ቫርስ-ፖኒፊልም ይህንኑ ሥራ በየራሳቸው መንገድ ይሠራሉ።

የዚህ ዘዴ ድካም ስታይልሺትን በጽሑፍ ፍለጋ ማንበቡ ነው። በኮሜንት ውስጥ ያለ አድራሻ፣ በጥቅስ ብቻ የተጻፈ ኢምፖርት፣ የዳታ አድራሻ፣ በቁጥር ምልክት የሚጀምር አድራሻ፣ እያንዳንዱ የተለየ አያያዝ ይፈልጋል። በጃንጎ ለምሳሌ በኮሜንት ውስጥ የቀረ አሮጌ አድራሻ ፋይሉ ስለማይገኝ የማሰባሰቡን ሥራ ሲያስቆም ታይቷል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሁሉንም ዩአርኤል በአንድ ዓይን የሚያይ አራሚ ነው፤ የጀርባ ሥዕሉ ከስታይልሺቱ፣ ቢሄቪየሩ ከገጹ እንደሚቆጠር ካላወቀ አንዱን ሲያቀና ሌላውን ያጣምማል። ውጤቱን ከሥር በሚነሳ ወይም በሙሉ አድራሻ የሚጽፍ አራሚ ከዚህ ያመልጣል።

የደኅንነት ጥያቄ

እስከ 2014 ድረስ ክርክሩ የምቾት ነበር። በዚያ ዓመት ጋሬዝ ሄይስ የተባለው የደኅንነት ተመራማሪ አንጻራዊ አድራሻ ለጥቃት በር እንደሚከፍት አሳየ። እዚህ የሚፈተሸው በስታይልሺቱ ውስጥ ያለው ሥዕል አይደለም፤ ገጹ ስታይልሺቱን የሚጠራበት አድራሻ ራሱ ነው። ብዙ ሰርቨሮች ከገጹ ስም ኋላ ትርፍ ስላሽና ቃል ቢጨመርም ያንኑ ገጽ ይመልሳሉ። ብራውዘሩ ግን የገጹን ስም እንደ ፎልደር ቆጥሮ ስታይልሺቱን ከዚያ ውስጥ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም አሁንም ያንኑ ኤችቲኤምኤል ገጽ ይሰጠዋል። ገጹ ለድሮ ገጾች በተተወው ኩዊርክስ ሞድ ከተከፈተ ብራውዘሩ ኤችቲኤምኤሉን እንደ ስታይልሺት ያነባል። ስታይልሺት አንባቢ ያልገባውን ዘልሎ የገባውን ስለሚያነብ፣ አጥቂው በገጹ ላይ ያሰፈረው ጽሑፍ ትእዛዝ ይሆናል።

በ2018 በሊዮን በተካሄደው ዓለም አቀፍ የዌብ ጉባኤ የቀረበ ሰፊ ጥናት በአሌክሳ ደረጃ ከመጀመሪያዎቹ 10,000 ሳይቶች 9 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ተጋላጭ ገጽ እንዳላቸው፣ ከእነዚህም ከሦስት አንድ በላይ በተግባር ሊጠቁ እንደሚችሉ አገኘ። ግኝቱ ለሁለተኛው ወገን፣ ከሥር የሚነሳ አድራሻን ለሚመክረው፣ ያልታሰበ ድጋፍ ሆነ። ይሁን እንጂ ዘመናዊ የዶክታይፕ መግለጫ ወይም ሰርቨሩ የፋይሉን ዓይነት እንዳይገመት የሚከለክልበት ኸደር መኖሩም በሩን ስለሚዘጋ፣ ጥናቱ አንጻራዊ አድራሻን በራሱ አይኮንንም።

ያልተቋጩ ጥያቄዎች

የቆዩት ብራውዘሮች ከሜዳው እየወጡ ነው፤ ማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11ን ድጋፍ በጁን 15 ቀን 2022 አቁሟል። በኤጅ ውስጥ ያለውን የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሞድ ግን ቢያንስ እስከ 2029 ለማቆየት ቃል ስለገባ፣ በድርጅቶች የውስጥ ሲስተም ላይ የሚሠሩ ሰዎች ሁለቱን ሕጎች ገና አልተገላገሉም።

በደንቦቹ በኩልም ነገሩ ወደ አንድ አልሄደም። ሰርቨሩ በኸደር መነሻን እንዲወስን የተደረገው ሙከራ ከሽፏል፦ በ1997 በኤችቲቲፒ 1.1 የገባው ኮንቴንት-ቤዝ በ1999 ተሰረዘ፣ የኮንቴንት-ሎኬሽን የመነሻነት ሚናም በ2014 በአርኤፍሲ 7231 ተነሳ፤ ምክንያት የተባለው ብራውዘሮች በደንብ አለመተግበራቸውና አንጻራዊ ሊንኮችን የመስበር አደጋው ነው።

ሁለተኛው ነጥብ በቁጥር ምልክት ብቻ የሚጀምር አድራሻ ነው። በስታይልሺት «ፊልተር፦ ዩአርኤል(#ጥላ)» ሲባል የ1996 ደንብ ቃል በቃል ቢወሰድ የሚፈለገው በስታይልሺቱ ፋይል ውስጥ ያለ «ጥላ» ነው፤ እዚያ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር አይችልም። ጸሐፊው የሚያስበው በገጹ ውስጥ ያለውን የኤስቪጂ ክፍል ነው። አራተኛው የሲኤስኤስ እሴቶች ደንብ እንዲህ ያለው አድራሻ በአሁኑ ሰነድ ውስጥ እንዲፈለግ አዘዘ። ኔትስኬፕ 4 የተወቀሰበት አስተሳሰብ በጠባብ በር፣ በተጻፈ ሕግ፣ ተመለሰ ማለት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ እስካሁን የሚያነጋግረው የሲኤስኤስ ተለዋዋጮች ጉዳይ ነው። በ«/ሀ/» ባለ ስታይልሺት አንድ ተለዋዋጭ «ዩአርኤል(አርማ.ጂፍ)» ተብሎ ይሰየምና በ«/ለ/» ያለ ሌላ ስታይልሺት ይጠቀምበታል። ተለዋዋጩ እስኪሠራበት ድረስ ያልተተረጎመ ጽሑፍ ስለሆነ ሥዕሉ የሚፈለገው «/ለ/» ውስጥ ነው። በአንጻሩ ተለዋዋጩ ዓይነቱ ዩአርኤል ተብሎ ከተመዘገበ ወዲያው ይፈታል፤ መነሻውም «/ሀ/» ይሆናል። አንድ መስመር፣ እንደ ምዝገባው፣ ሁለት መድረሻ አለው።

ያልተመዘገቡትንም ከተጻፉበት ቦታ እንቁጠር የሚለው ሐሳብ ከ1996 ውሳኔ ጋር ይስማማል፤ ተለዋዋጭ የያዙ የዲዛይን ፋይሎችን ለሌሎች የሚያጋሩ ቡድኖችም የሚጠብቁት ይህንን ነው። የሚያግደው አንድም ያልተተረጎመ ጽሑፍ መነሻ ይዞ እንዲዞር ማድረግ የተለዋዋጮችን አሠራር ከመሠረቱ የሚነካ መሆኑ ነው፤ አንድም አሁን ባለው ስሌት ላይ የተሠሩ ገጾች ይሰበራሉ የሚል ስጋት ነው። ምዝገባው ራሱ ወደ ሁሉም ዋና ዋና ብራውዘሮች የደረሰው ፋየርፎክስ በጁላይ 2024 በ128ኛው ዕትም ከተቀበለው በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ለወጡ ብራውዘሮች የሚሠራ ሰው አድራሻውን ከሥር እያስነሳ ከመጻፍ ሌላ ብዙ ምርጫ የለውም።